ግራሶ የበላው አንቴና

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ
ተሸነፍን። የኛ ልጆች ዝንብ የሚያባርሩ እንጂ ኳስ የሚጫወቱ አይመስሉም። መኪናዋን እንደ ሁልጊዜው ከሜዳው አጥር ጋር አስጠግቼ አቆምኩ... ሠላሳ አንድ ዓመት ያችው ቦታ። ሚስቴ ኤልቫ ሬዲዮውን ከፈተች። ሬዲዮው ሲከፈት በሞተር የሚወጣው አንቴና ከኋላ ቅርርር አለ፣ አልወጣም። ጣቢያው የለም።
ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጨዋታውን የምትከታተለው በሬዲዮው ሰውዬ አፍ ነው። ግብ ሲገባ በሜዳው ዙሪያ ከቆሙት መኪኖች ሁሉ ቀድማ ክላክስ የምታደርገው እሷ ነበረች። ዛሬ የሌሎቹን እየሰማች፣ "ማን አገባ? እኛ ነን?"
አይደለንም።

ኦገስት 18፣ ሰኞ
መካኒኩ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። "አባባ፣ ይሄማ የሙዚየም ዕቃ ነው። በስልክ አድምጡ።" ስርጭቱ በስልክ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ እንደሚመጣ የት ያውቃል? ሰው ሁሉ ክላክስ አድርጎ ሲጨርስ ሚስቴ ብቻዋን ልታደርግ? ደንቆሮ።
አዲስ የአንቴና ዘንግ አዘዝኩ። ራሴ እሠራዋለሁ።

ኦገስት 21
ክላይቭ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ጎረቤት መሆኑ ሳያንስ የዚያ የሌላው ክለብ ደጋፊ ነው። "አምና ነግሬህ ነበር፣ ሌስ። ግራሶ አትቀባው፣ አቧራ ይይዛል ብዬህ ነበር።"
አርባ ዓመት ባቡር ግራሶ ስቀባ የኖርኩትን እኔን! የራሱ አንቴና የልብስ መስቀያ ሽቦ ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ
በምን ተአምር እንደሆነ እንጃ፣ ለፍጻሜ አለፍን። ሬዲዮ ስለሌለ ጨዋታውን እኔ ነገርኳት። "ይሄ ገልቱ ጣላት... ያኛው ደግሞ ቆሞ ደመና ይቆጥራል..."
"ሌስ! ኳሷ የት ናት ነው ያልኩህ!"
ስሳደብ አንድ ግባችን ሳልነግራት አለፈ። ሌሎቹ ክላክስ ሲያደርጉ የሷ እጅ ክላክሱ ላይ እንዳለ ቀረ። አፈርኩ።

ኦገስት 29
ዘንጉ መጣ። ከታቹ ጥርስ ያለው የናይለን ገመድ አለው። ገመዱን በቀዳዳው ታስገባለህ፣ ሌላ ሰው ሬዲዮውን ይዘጋል፣ ሞተሩ ጥርሱን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትታል። በቃ። ለዚህ ምን ሊቅ ያስፈልጋል?
ኤልቫ ማብሪያው ላይ፣ እኔ ከኋላ። "ዝጊ!" ቅርርር። "ክፈቺ! አሁን ዝጊ!" ቅርርር። ስምንት ጊዜ።
ክላይቭ ከአጥሩ ማዶ፣ "የአሮጌው ዘንግ ገመድ ተበጥሶ ውስጡ ቀርቷል፣ ወንድሜ።"
ማን ጠየቀው?

ሴፕቴምበር 2
ቁርስ ላይ ኤልቫ፣ "ቅዳሜ እቤት ብቀር ይሻላል" አለች። የዋንጫ ቀን! ሠላሳ አንድ ዓመት ቀርታ የማታውቅ... ይህን የምትለው በአንቴናው እንዳልጨነቅ ብላ መሆኑ ገባኝ። እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።
ሻይዬን ትቼ የክላይቭን በር አንኳኳሁ። "እርዳኝ" ማለት ጥርስ ከመነቀል ባሰብኝ።
የአንቴናውን ሞተር ፈታን። ክዳኑን በካቻቢቴ ሲያነሳው ውስጡ ቀይ ጭቃ። የዚህ አገር አቧራና የኔ ግራሶ። የተበጠሰው ገመድ መሃሉ ተቀብሯል። ክላይቭ "ነግሬህ ነበር" እንኳ አላለም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ምንም ሳይቀባ መለሰው።
"ልዝጋ?" አለች ኤልቫ። ዘጋች። ገመዱ ከእጄ ላይ ተያዘ፣ ዘንጉ ሽር ብሎ ገባ።

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ
አንቴናው ወጣ፣ ቀጥ ብሎ። ክላይቭ የራሱን ክለብ ሻርፕ ጠምጥሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። በኔ መኪና! ኤልቫ ናት የጠራችው።
ከመጀመሪያው ዕረፍት በኋላ እጇን ሰዳ ሬዲዮውን ዘጋች። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት አንቴና ሽር ብሎ ተመልሶ ገባ።
"ምን ሆነ ደግሞ?"
"የሬዲዮው ሰውዬ ማንንም አይሳደብም፣ ደበረኝ። አንተ ንገረኝ። ኳሷን ብቻ እንዳትረሳ።"
ክላይቭ ሳቀ። ይሳቅ።
ነገርኳት። ኳሷን ሳልረሳ፣ ገልቱዎቹንም ሳልምር። አንድ ግብ ስድስት ነጥብ በሚያስገኝበት ጨዋታ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን፣ ለዚያውም በክላይቭ ክለብ። አምና ስለ ግራሶው ልክ ነበር፤ ይህን ከዚህ ደብተር ውጭ አልናገርም።
የመጨረሻዋን ግባችንን ግን ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች "ገባች!" አልኩ። ኤልቫ ከሜዳው መኪና ሁሉ ቀድማ ክላክስ አደረገች።