ዘንድሮ የማይገፈፈው ጉም

ይድረስ ለልጄ፣

ከቤታችን ደጃፍ አንስቶ አንቺ እስካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንደ ግንዶቼ አልነቃነቅም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

በመኪና የምትጎተተዋን የእንጨት መሰንጠቂያዬን ወንዙ ዳር አቁሜያታለሁ። እንደ አማላጅ እሷው ናት ወደ ግንዱ የምትሄደው። ዘንድሮ ጉሙ ልዩ ነው፤ ቀትር ላይ እንኳ አይገፈፍም። ሰጋቱራው እየበነነ ሲቀላቀለው ጣውላዎቹ ከደመና ውስጥ የሚወለዱ ይመስላል። መጋዙን በድምፁ እከተለዋለሁ፤ ግንዱ ሊያልቅ ሲል ያፏጫል። ድሮ እናትሽ ግንዱ ጫፍ ላይ ቆማ፣ ሊያልቅ ሲል እጇን ታነሣልኝ ነበር። አሁንም አንዳንዴ እዚያ የቆመች ይመስለኛል።

ማክሰኞ ለታ ግንዱን ጨብጦ የሚይዘውን ብረት ዝቅ ሳላደርግ መጋዙን ነዳሁበት። እሳት ተረጨ፣ እንደ ቀበቶ የሚዞረው መጋዝም ተበጠሰ። ጎረቤታችን አናጺው እየሮጠ መጣ።

«አባባ፣ ብረቱ ፊትዎ ተገትሮ!»

«ጉሙ ሸፈነብኝ።»

«የምን ጉም? ፀሐዩ አናት ይበሳል እኮ!»

«አንተ እስከ ረፋድ የምትተኛው፣ ጉምን የት ታውቀዋለህ!» ብዬ አባረርኩት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ሥራ ፈት!

ስትጽፊልኝ ብዕርሽን ጫን አድርጊው፤ የዛሬ ብዕር ቀለሙ ፈዛዛ ነው።

ትልቁን ግንድ አልነካሁትም፤ አንቺን ይጠብቃል። እንደ እናትሽ ጫፉ ላይ ትቆሚልኛለሽ።

በይ እንግዲህ፣ መንገዱን ያቅናልሽ። ስትመጪ ያንን ቀይ ሹራብሽን ልበሺ፤ ጉሙ ውስጥ እንዳልስትሽ።

ናፋቂሽ አባትሽ