ከዱባይ ቤይሩት የሚሄድ የገንፎ ዱቄት

ለውድ እህቴ እመቤት፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው፣ ወገብሽስ፣ ያ ያስቸገረሽ ጥርስስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባባንም ሳሉ ለቀቃቸው፣ ገብሱም ተሰብስቧል። ስልኩ እየተቆራረጠ ነገሬን ስለሚያበላሽብኝ የጎረቤታችን የሙላቴ ልጅ የሺ ወደ ዱባይ ስትመጣ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፌስታል የገንፎ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ ይደርስሻል። እንዳትበዪው፣ ያንቺ አይደለም፤ የእህታችን የዝናሽ ነው። በገና ሰሞን ቤይሩት ላይ የበኩር ልጇን ትወልዳለች፣ ባሏ ደግሞ ማለዳ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እማዬ ታዲያ ሁለቱም ዓረብ አገር አይደሉ ወይ፣ እመቤት ሄዳ ገንፎዋን ታገንፋላት፣ እስክትጠነክርም ከጎኗ ትሁን ብላ ቆርጣለች። ለእሷ ከዚህ ጎረቤት ከተማ አንበሳሜ ብቅ እንደማለት ነው።

ርቀቱን ላስረዳት ብዬ መምህር ተስፋነህን ጠየቅኳቸው። ስልካቸውን ነካክተው ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው አሉኝ፤ ከእኛ እስከ አዲስ አበባ ያለው ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው። በአውሮፕላን ግን አራት ሰዓት ገደማ ነው ሲሉኝ ግራ ገባኝ። እኛ ባሕር ዳር ደርሰን ጉዳያችንን ሳንጨርስ እኮ አራት ሰዓት ይሄዳል። ይባስ ብለው የበረራውን ሰዓት አሳዩኝ። ከዱባይ ረፋድ አራት ሰዓት የተነሣው ቤይሩት በስድስት ሰዓት ይገባል፤ ከዚያ በስምንት ሰዓት የተነሣው ግን ዱባይ የሚደርሰው ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መምህር የየአገሩ ሰዓት ስለሚለያይ ነው ብለው ደጋግመው አስረዱኝ። እሺ አልኩ እንጂ አልገባኝም።

መሄጃው አጭር፣ መመለሻው ረጅም መሆኑን ለእማዬ ባልነገርኳት ይሻል ነበር። ወንዛዬ ፍል ውኃ ስንወርድ ቀሎን ስንመለስ ዳገቱ እንደሚያደክመን፣ ቤይሩትም ቁልቁለት ነው ብላ ደስ አላት። እንግዲያው መሄዱ ምን ይከብዳታል፣ ስትመለስ ቀስ ትበል አለች።

አሠሪሽ ካልፈቀደች ከቤት እንደማትወጪ፣ ፓስፖርትሽም እሷ ዘንድ እንዳለ፣ ቤይሩት ለመግባት ሌላ ቪዛ እንደሚያስፈልግ ነገርኳት። እሷ ግን፣ አራስ እንዳይጠየቅ የሚከለክል ሰው አለ ወይ፣ ሴትየዋስ አልወለደችም ወይ አለችኝ። ሂጂ እንዳልልሽ እንጀራሽ እንዳይቆረጥ እፈራለሁ፤ ቅሪ እንዳልልሽ ዝናሽ በሰው አገር ብቻዋን ናት። ካልሆነልሽ ለእኔ ንገሪኝ፣ ለእማዬ እንዴትም ብዬ እነግራታለሁ።

አባባ በርቺ፣ ጸሎትሽን አትተዪ ብለውሻል። ባለቤቴ ብርቱካን በጣም ናፍቃሻለች። ሙላቴም ልጄን አደራ ይላል። የእማዬን ሰላምታ ግን ላንቺ ብቻ እንድጽፈው አልፈቀደችም። ለሁለታችሁም በአንድ ላይ ጻፈው፣ እመቤት የዝናሽ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታነብላታለች ብላኛለች።

ወንድምሽ ካሳሁን
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.