አንደኛውና ሦስተኛው መስመር፦ የአቶ ሙላው አራጌ የሕይወት ታሪክ
(1932 – 1980 ዓ.ም.)

አቶ ሙላው አራጌ ከአባታቸው ከአቶ አራጌ ወልዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ካሴ፣ በራያና ቆቦ አውራጃ ሮቢት አጠገብ፣ በሐምሌ ወር 1932 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ዘንድ ቆጥረው ቆቦ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ እንዳይገፉ የአባታቸው ሞት አገዳቸው፤ ታናሽ ወንድማቸውን ታረቀኝን የማሳደጉ ኃላፊነት በእሳቸው ላይ ወደቀ።

በ1951 ዓ.ም. አሰብ ወርደው በወደብ ሥራ ተቀጠሩ፤ ማታ ማታ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያ ለመዱ። በ1961 ሲመለሱ ዘመድ ሁሉ በሬ ይገዛሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ከመርከበኛ የገዙትን ባለ አራት መስመር ስቴሪዮ ቴፕ፣ ድምፁን በግራና በቀኝ ከፍለው ከሚያሰሙ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ጋር በጭነት መኪና ይዘው መጡ። ቆቦ ላይም የሬዲዮ ጥገና ቤት ከፈቱ።

የሚያስረዱት ብዙ ነበር፤ የሚሰማቸው ግን አልተገኘም። ሰርግ የጠራቸው ሁሉ አንዱን ድምፅ ማጉያ ለወንዶቹ ዳስ፣ አንዱን ለሴቶቹ ካላደረጉ ብሎ ይሟገታቸው ነበር። «ታዲያ ክራሩን ለወንዶች፣ ዘፋኙን ለሴቶች ላካፍል?» ብለው ዕቃቸውን ሰብስበው የሄዱበት ሰርግ አንድ ሁለት አይደለም።

ድምፅ ስለሚቀረጽበት የቴፕ ክርም እንዲሁ ነው። የክሩ ስፋት ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም። በባለ ሁለት መስመር ማሽን ለሁለት፣ በእሳቸው ማሽን ግን ለአራት ይከፈላል፤ አንደኛውና ሦስተኛው መስመር ክሩ ሲሄድ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ተገልብጦ ሲመለስ ይሠራሉ። «በሬ ሲሄድ አንድ ትልም፣ ሲመለስ ሌላ ትልም አይደል? በዚህ ላይ ሰፊ ማረሻ ካወረድህበት ሁለቱን ባንዴ ይገለብጣቸዋል» እያሉ ለታረቀኝ ደጋግመው አስረድተዋል። ታረቀኝ ሁልጊዜ «ገባኝ» ይላል። አልገባውም ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስረሳሽ ብሩ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ወይዘሮ አስረሳሽ ከጎብዬ እስከ ሮቢት ያለ እሳቸው ሰርግ የማይሞቅ ዘፈን አውጪ ነበሩ። በጥር 1967 በጎረቤት ሰርግ፣ አቶ ሙላው ከወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ገመድ ስበው የግራውን ማይክሮፎን ለሴቶቹ ተቀባዮች፣ የቀኙን ለባለቤታቸው አቆሙ። ተቀባዮቹ በአንደኛው፣ ወይዘሮ አስረሳሽ በሦስተኛው መስመር ተቀረጹ። በግንቦት 1970 ልጃቸው ተናኜ ተወለደች፤ እናቷ በአራተኛው ቀን ዐረፉ። ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራቸውም። ለልጅቷ ከእናቷ የቀረላት ያ ክር ብቻ ነበር።

በነሐሴ 1971 ታረቀኝ የቀበሌው ወጣቶች ጸሐፊ ነበር። ለአብዮቱ በዓል የሚያሰማውን ንግግር ለመቅረጽ ባዶ ክር አጣ። አቶ ሙላው ዕቃ ሊገዙ ወልድያ ሄደዋል። ከወንድሙ ቤት ባነሣው በዚያ የሰርግ ክር ካርቶን ላይ «ጎን አንድ ብቻ ተቀርጿል» የሚል ጽሑፍ አነበበ፤ ጎን ሁለት ባዶ ነው ብሎ ገልብጦ በጽሕፈት ቤቱ ባለ ሁለት መስመር ማሽን ላይ ጫነው። ሰፊው መቅረጫ ባዶውን አራተኛ መስመር ብቻ ሳይሆን ሦስተኛውንም ጠርጎ ወሰደ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

አቶ ሙላው ተመልሰው ሲያጫውቱት፣ በግራ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። በቀኝ፣ ወይዘሮ አስረሳሽ በነበሩበት፣ የታረቀኝ ንግግር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይነበባል። አልመቱትም፤ አልረገሙትም። «ስንት ጊዜ ነገርኩህ» ብቻ አሉ። ታረቀኝ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያንን ድምፅ ፈለጉ። ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን የማሽኑን ጭንቅላት ቀየሩ፣ በግራው ማይክሮፎን ሾልኮ የገባ ትንፋሽ ይኖር እንደሆነ ብለው ጆሯቸውን ከድምፅ ማጉያው ለጥፈው ዋሉ። ጭብጨባው ሁሉን ውጦታል። ተናኜ ነፍስ ስታውቅ የቀኙን ዘግተው አሰሟት። «እማዬስ የታለች? እነዚህ የሚቀበሉት ማንን ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ክሩ አርጅቶ ነው፣ ልጄ» አሏት። በሬዲዮና በቴፕ ነገር አንዲት ስሕተት የማያሳልፉት ሰው ይህን በጠየቀችበት ቀን ሁሉ ደገሙት።

አቶ ሙላው በ1979 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው በወልድያና በደሴ ቢታከሙም ሊድኑ አልቻሉም። ኅዳር 14 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል።

ይህን ጽፎ በፊታችሁ የሚያነበው ያ ወንድም፣ ታረቀኝ ነው። ስለዚህ ተናኜ ሰው ሁሉ ባለበት ትስማው፦ ክሩ አላረጀም። እናትሽን ያጠፋት አጎትሽ ነው፤ አባትሽ የዋሹሽ አጎትሽን እንዳትጠዪው ብለው ነው።

አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያኑርልን፤ የወይዘሮ አስረሳሽንም ድምፅ ያለ ማሽን ያሰማቸው። አሜን።