ግዴታ ያልሆኑት ሰባት መጻሕፍት

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15፣ ከአክስቴ ፀጉር ቤት፣ ከሦስተኛው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር

ለምትናፍቂኝ እማዬ፣

ሰላምታዬን በሚገባው ክብር ላቀርብ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ወንበሩ አላስቀምጥ ብሎኛል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። አክስቴ ቅማል ያለብኝ መስሎ ደንበኞቿን እንዳላሸሽባት አስጠንቅቃኛለች። እኔ ደህና ነኝ። እሷም ደህና ናት፤ ምላሷ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ደህና ነው።

ወደ ቁም ነገሩ። ዩኒቨርሲቲው ኢኮኖሚክስ እንድማር እንደተቀበለኝ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ ከደብዳቤው ጋር የሰባት መጻሕፍት ዝርዝር መምጣቱን ነው። ከግርጌው «ቀድመው መዘጋጀት ለሚፈልጉ እንጂ ግዴታ አይደለም» ይላል። እኔ እፎይ ብዬ ላስቀምጠው ስል አክስቴ መነጽሯን ሰክታ መረመረችው። ፍርዷን ሰጠች፦ እንግዳ «አትቸገሩ፣ ምንም አልፈልግም» ሲል ማን አምኖት ያውቃል? ሰባት መጽሐፍ ቆጥሮ «ግዴታ አይደለም» የሚል ሰውም የሚታመን አይደለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀጉር ቤቱ አካዳሚ ሆነ። መጻሕፍቱን ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አድማጮቼ ፀጉራቸውን ተጠቅልለው ካስክ ሥር የተቀመጡ ሴቶች ናቸው፤ ቢፈልጉም ማምለጥ አይችሉም። ካስኩ ስለሚጮህ ግማሹን አይሰሙም፤ በሙሉው ላይ ግን ይከራከራሉ። «ሚኒስትሯ» የምንላት ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ሳነብ ነገሩን እሷ ቀድማ እንደምታውቀውና የጻፈው ሰው ከሷ ሳይሰማ እንዳልቀረ አስረዳችን።

ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ግን ነገር መጣ። የመረጥሽው ነገር እውነተኛ ዋጋው፣ ለሱ ስትዪ የተውሽው ነገር ነው ይላል። ሚኒስትሯ ካስኩን ከራሷ ላይ ከፍ አደረገች።

«ታዲያ እናትሽ ለትምህርትሽ ብላ ሰው አገር የሰው አባት ስታስታምም የተወችው ምንድን ነው?»

አክስቴ ካስኩን መልሳ ጫነችባትና ሙቀቱን ጨመረችው። እኔም ገጹን ገለበጥኩ። ቀጣዩ ስለ ስንዴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይኸው መቀመጥ አቃተኝ። ሦስቱን ጨርሼ አራቱ ቢቀሩኝ ዝርዝሩን ለላኩልኝ መምህር በኢሜይል የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ መለሱልኝ፦ «ልጄ፣ ግዴታ አይደለም ያልነው ከልባችን ነው። ምንም ሳታነቢ ብትመጪም በደስታ እንቀበልሻለን።» አክስቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይሄማ ጭራሽ ሊፈትኑሽ ነው ብላ አራተኛውን አስከፈተችኝ።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ወደ አንድ ነገር ላለመድረስ ነው።

ባለፈው እሁድ በስልክ ውልሽ በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ ነገርሽኝ። «ለሁለት ዓመት ላድሰው ወይስ ልምጣ? እንደወደድሽ» አልሽ። እኔም ጨዋ ሆኜ ያደግሁ ልጅ ነኝና «እንደሚመችሽ» አልኩ። «እሺ» አልሽ። ከዚያ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ተባብለን ዘጋነው። ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስትሄጂ ልጅሽ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልትሆን ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የቋመጠችለትን ነገር ስትጠየቅ ግን «እንደሚመችሽ» ትላለች።

ላርመው ብዬ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ሁኔታ በሰፊው ተወያየን። ስለዚህ ነገ ወደዚያ በምትበረው የአክስቴ ደንበኛ እጅ ይህን ልኬልሻለሁ። ወረቀቱን እንዳትረሳው አክስቴ ፀጉሯን በነፃ ሠርታታለች፤ ይህን ስታደርግ ያየሁት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ የሷን ሐሳብ ማወቅ አያስፈልግሽም።

አሁን የምትዪውን አውቀዋለሁ። ባዶ እጄን እንዴት እመጣለሁ፣ ለእከሊት ያልገዛሁላት አለ፣ ሻንጣው አልሞላም ትያለሽ። የመምህሩን ቃል እዋሳለሁ፦ ምንም ሳትይዢ ብትመጪም በደስታ እንቀበልሻለን።

ጤናውን፣ ጉልበቱን ይስጥሽ፤ መንገዱንም መልካም ያድርግልሽ። ውሉን አትፈርሚ።

ይሄኛው ግዴታ ነው።

አራት መጽሐፍ የቀራት ልጅሽ