ደረጃ መውጣት የቻለችው መንታ

ይድረስ ለተከበሩ የሕፃናት ሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎና ለዓይንዎ፣ መልካም ምኞቴን እየገለጽሁ፣ በልብስ ሰፊነት የምተዳደር፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ መንታ ሴት ልጆች እናት መሆኔን በትሕትና አሳውቃለሁ። ቀድማ የተወለደችው በልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ትሠቃያለች፤ ታናሿ ጤነኛ ናት። በመልካቸው እኔም አንዳንዴ እሳሳታለሁ፤ በአረማመዳቸው ግን የሚሳሳት ሰው አለ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ሆስፒታልዎ ልጄን የሚያክምበት መድኃኒት ቢያጣም የሚያጠናበት ጊዜ ስላላጣ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ፣ ልጆቹ በዘረ-መል አንድ ሆነው ሳለ አንዷ ብቻ መታመሟ ለሳይንስ ትልቅ ዕድል እንደሆነ ሲነግሩኝ ፊታቸው እንዴት እንደፈካ ባዩልኝ! ዘር ብቻውን እንደማያሳምም፣ በዘሩ ላይ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ያለ ነገር እንዳለ፣ ምን እንደሚያበራው ግን ገና በውል እንደማይታወቅ አስረዱኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ጥፋተኛውን ስፈልግ አለሁ፤ በአንድ ማህፀን አድረው፣ ከአንድ ጡት ጠብተው፣ በአንድ አልጋ ተኝተው ምን እንደለያቸው አልደረስሁበትም።

፪. ችግሩ ከሁለቱም ወላጆች ሊመጣ እንደሚችል የተሰጠው ማብራሪያ እጅግ ግልጽ ነበር። አማቴ የገባቸው ግን በእኔ በኩል ያለው ብቻ ነው። ሳይንስን እስከ ቤታችን ስላደረሱልን እናመሰግናለን።

፫. ይህ በሽታ ሳያቀላ፣ ሳያሳክክ ዓይን እንደሚያጠፋ ባልደረቦችዎ ስለሚያውቁ የዓይን ምርመራ አዘዙልን። ክፍሉ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ልጆች እንዲመች ከላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱም እንደ ልማዱ ዕረፍት ላይ ነበር። እኔ ልጆቹን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ለጥናቱ ደም ልሰጥ በገባሁበት ሰዓት አንዲት ነርስ መጥታ፣ ከሁለቱ ደረጃ መውጣት የቻለችውን ይዛ ወጣች። ታናሿ ልጄ የታዘዘችውን እሺ ባይ ናት፤ ያሳዩዋትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ጠርታ፣ ተጨብጭቦላት፣ ከረሜላ ይዛ ወረደች። ከረሜላውን ከእህቷ ጋር ተካፍለው ሳገኛቸው ሁለቱም የታዩ መሰለኝ። በታማሚዋ ካርድ ላይ ዓይኗ ጤነኛ እንደሆነ ተጽፎ ስለነበር ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ልጄ ዛሬ በግራ ዓይኗ አታይም። በጊዜው ቢደረስበት ኖሮ ይተርፍ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደማይመለስ ሌላ ሐኪም ነግረውኛል። ስለ ቀኙ ስጠይቃቸው ካርዱን አጥፈው መለሱልኝ። ተስፋዬን ቆርጫለሁ፤ ይህን የምጽፈውም መፍትሔ ጠብቄ አይደለም።

፬. ስለ ስሕተቱ ለሆስፒታልዎ ያቀረብሁት አቤቱታ ጆሮ ዳባ ልበስ በተባለበት ሰሞን፣ በልጆቼ ልዩነት ላይ የተሠራው ጥናት በትልቅ አዳራሽ ቀርቦ እንደተሞገሰ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት። በደም ጠብታ ውስጥ የተለዩ ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አለመለየታቸው ለእውቀት የተከፈለ ትንሽ ዋጋ ነው ብዬ ለመቀበል እየሞከርሁ ነው፤ እስካሁን አልቻልሁም።

ለሆስፒታልዎ የበለጠ ጭብጨባ እየተመኘሁ፣ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ፣

የመንታዎቹ እናት

ማሳሰቢያ፦ ለቀጣዩ ዙር ጥናት ጤነኛዋን ልጅ ለማነጻጸሪያ እንዳመጣ ተጠይቄያለሁ። ከታላቅ ይቅርታ ጋር፣ ጤነኛ ልጅ የለችኝም። በእህቷ ፈንታ የታየችው እሷ እንደነበረች ከሰማች ወዲህ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ነው የምትውለው፤ ስትተኛ እንኳ እጇን አታነሳም።