በሕይወት ያለችው እናቴ በሰንጠረዡ ውስጥ ስለ መሞቷ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በአካልም በመዝገብም ደህና እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ምድር ቤት ያለሁት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር የሕሙማንን ሰንጠረዥ ስላሻሻሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንደ ድፍረት ካልቆጠሩብኝ ግን ጥቂት ነገር ላመልክት።

፩. ድሮ በሰንጠረዡ ሳጥኖች ውስጥ የምንሞላውን በጣታችን እንጽፍ ነበር። እርስዎ ለድካማችን አዝነው፣ ሳጥኑ ሲነካ «በሕክምና ላይ»፣ «የዳነ»፣ «ሟች» የሚል ዝርዝር እንዲያወጣ፣ ምርጫውም በማውሱ ራስ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ በዞረች ቁጥር እንዲቀያየር አደረጉ። ማክሰኞ ጠዋት የእናቴን ቀጠሮ ለማየት በረድፏ ያለውን ሳጥን ነካሁ፤ ገጹን ወደ ታች ላወርድ ጎማዋን ባዞር ገጹ ንቅንቅ አላለም፤ እናቴ ግን ሞተች።

፪. በድንጋጤ ከኪቦርዱ ጥግ ያለውን፣ «ተወው» የምንለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ያ ቁልፍ ድሮ ስህተታችንን ይመልስልን ነበር። በእርስዎ አሠራር ግን «ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን» አለኝ። እሰይ!

፫. «ሟች» የተባለ ሳጥን ዳግም እንዳይነካ ቆልፈውታል። አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ፤ ሙት ሲነሳ አላየንምና። እንዲከፈትልኝ ቢሮዎን ብጠይቅ ታካሚዋ ራሷ ቀርባ ትፈርም ተባልኩ። እናቴ በትሯን ተደግፋ፣ በየደረጃው እያረፈች፣ ሦስት ፎቅ ወጥታ ቀረበች። ጸሐፊዎም መዝገቧን አይተው፣ ለሟች የሚሞላ ቅጽ እንደሌለ በትሕትና አስረዷት። ወንበር ስለሰጧት ግን እግዜር ይስጣቸው።

የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ለሟች የደም ግፊት ክኒን መስጠት አልችልም ብሏል፤ አልፈርድበትም። የቀራት አራት ፍሬ ነው፤ ለሁለት እየሰበረች ትውጣለች። አይዞህ፣ ሰው እየሠራ ይሳሳታል እያለች የምታጽናናኝም እሷው ናት። እኔ ግን ጨንቆኛል፤ ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አቅም አጣሁ። በየቀኑ ያንን ሳጥን መቶ ጊዜ እነካዋለሁ፣ አይከፈትም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣

እናቱን በአንድ ጣቱ የገደለው የካርድ ክፍል ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ አምና ጥርስዎን እዚሁ ታክመው ስለነበር ስምዎ ከእናቴ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ይገኛል። አይስጉ፣ እርስዎ ጋ ስደርስ እጠነቀቃለሁ። እጄ ግን ከማክሰኞ ወዲህ ይንቀጠቀጣል።