ጋሽ ፓስት ቅዳሜ የትም አይሄድም

ውድ ወንድሜ፣

ጤናህን አልጠይቅህም። ትናንት በስልክ ስትጮህብኝ ሰምቼሃለሁ፤ ሳንባህ ደህና ነው። ጆሮዬ ላይ ከዘጋህብኝ በኋላ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። እኔም ብዕር አነሳሁ። ደብዳቤውን በባለቤትህ እጅ እልካለሁ፤ እሷ ሳታስነብብህ አትተኛም። ቅዳሜ መኪና ይዘህ መጥተህ አባባን ወደ አረጋውያን መንከባከቢያው ከመውሰድህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው። እንደ ልማድህ ግማሹ ላይ "ገባኝ፣ ገባኝ" እንዳትል።

"አባባ የለም፤ ወንበሩ ላይ ያለው አካሉ ብቻ ነው" አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እንደዚያ ያሰብኩባቸው ቀኖች ነበሩ። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ ዝም ነው። ስሜን አይጠራም። "ውሃ ልስጥህ?" ስለው ራሱን እንኳ አይነቀንቅም። ያን ሁሉ ዘመን እንግሊዝኛ ሲያስተምር ክፍል ሙሉ ተማሪ በድምፁ ብቻ ቀጥ ያደርግ የነበረ ሰው! አንተም በሩ ላይ ቆመህ አየኸውና ሳትቀመጥ ሄድክ። ያን ቀን አልፈረድኩብህም፤ ዓይንህን አይቼዋለሁ።

ደክሞኛል ደግሞ፣ አልክድም። አጥቤ፣ አልብሼ፣ አጉርሼ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የዩኒፎርም ሸሚዝ ቤቱን ሞልቶታል። ወንበሩን እኔው አጠገብ ያደረግኩት እየሰፋሁ እንዳየው ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሻይ አቀረብኩለት። ብርጭቆውን በደህናው እጁ ገፋው፣ ሻዩም ጨርሼ ባጠፍኩት ነጭ ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ። ኮሌታው፣ ኪሱ፣ ሁሉም ቡናማ ሆነ። ደሜ ፈላ! አባት ነው፣ በሽተኛ ነው ማለት ቀረ። "አንድ ቃል እንድትናገር ስንት ጊዜ ጠበቅኩህ! ጠበቅኩ እኮ! ዌይትድ!" ብዬ ጮህኩበት። ለምን በእንግሊዝኛ እንደወጣኝ አላውቅም። በዚህ ቤት ጩኸት የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይሆናል።

"ፎር" አለኝ አባባ።

ክው አልኩ። ሸሚዙን እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። "ምን አልክ?" አልኩት። ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከዚያ ፈራ ተባ እያልኩ "ዲፔንድድ?" አልኩ። "ኦን።" "አግሪድ?" "ዊዝ።" "ላፍድ?" "አት!" ይቺን ሲላት ቁጣም ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ቀላል ትጠይቂኛለሽ ወይ እንደማለት።

መቼም ያን የራት ጨዋታ አልረሳኸውም። እሱ ያለፈ ጊዜ ግስ ይወረውራል፣ እኛ ተከታይዋን መስተዋድድ እንመልሳለን፤ ያልመለሰ ማንኪያውን አያነሳም። እኔ ነኝ ያስቸገርኩት። "በአማርኛ እኮ 'ሰው ጠበቅኩ' ብለን ያለ ምንም ጣጣ እንጨርሳለን፤ የነሱ ጥበቃ ለምን ፎር ያስፈልገዋል?" ስለው፣ "አብረው ይኖራሉ በቃ! ሰው ቤት ገብተሽ ለምን ተጋባችሁ ትያለሽ?" ይለኝ ነበር። ተማሪዎቹ በዚሁ ያለፈ ጊዜ ግስ ሰበብ ጋሽ ፓስት እንደሚሉት የሰማን ቀን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን እንዴት እንደሳቅን! ወጡ እየቀዘቀዘብን የተማርነው ነገር ነው፤ አንተም ዛሬ በእሱ እንጀራህን ትበላለህ።

ለምን እንደምትሸሸው አውቃለሁ። ተነጋግረንበት አናውቅም እንጂ አውቃለሁ። ሠርግህ ላይ አለቆችህ ፊት በእንግሊዝኛ ንግግር ስታደርግ፣ ከሙሽራዋ ጋር ስለ ወደፊት ሕይወታችሁ ብዙ እንደተወያያችሁ ልትነግረን "ዲስከስድ አባውት" አልክ። የእኛ "ስለ" ናት የገባችብህ፤ እኔንም ሁልጊዜ ትገባብኛለች። አባባ ከፊት ወንበር ብድግ ብሎ "አባውት የለም! ዲስከስድ ብቻዋን ነው የምትሄደው!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃህ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ፊትህ ሲለዋወጥ አየሁህ፣ አንጀቴን በላኸው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ስትመጣ እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። እኔ ብሆን እኔም ቂም እይዝ ነበር። እሱ ግን እስከ ዛሬ ያጠፋ አይመስለውም። ስሕተት ሰምቶ ማለፍ፣ ሰው ሲወድቅ አይቶ ከማለፍ አይለይበትም። ደግ አደረገ እያልኩህ አይደለም። ያሳፈረህ ቀን ማሳፈሩን አላወቀም ነው የምልህ።

አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጠራሁ። መጣች፣ ሰማችው፣ ፈገግ አለች፤ ግን ጠንቃቃ ናት። "ዕድሜ ልካቸውን የደጋገሙት ስለሆነ ምላሳቸው ሳያስቡት ሊያወጣው ይችላል። ደስ ይበልሽ፣ ግን ገና ይገባቸዋል አልልሽም" አለችኝ። ትናንት ይህን ልነግርህ ደውዬ ነው አንተ "በቀቀንም ይመልሳል!" ያልከኝ። ወይ አንተ! ስለ አባትህ እኮ ነው።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ስናወራ እጄ ሥራ ላይ ስለነበር የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ነበር። በቀቀን ስትልም፣ "ዕቃውን አዘጋጂ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" ስትልም፣ "የት እንደወሰድነው እንኳ አያውቅም፣ ምንም አይሰማም" ስትልም ቤቱ ውስጥ አስተጋባ። እኔም ተሸነፍኩ። "እሺ፣ እንዳልክ ይሁን፤ እኔንም አላወቀኝም" አልኩህ። ያልኩትን አልኩ፣ አልደብቅህም። አንተም ዘጋህ።

ከኋላዬ "ሊስንድ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር አልኩ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ አይደለም፤ እኔ ላይ ነው። አዳመጥኩ ነው ያለው። ቲዋን ውጦ፣ ልክ እንዳስተማረን። ከታመመ ጀምሮ የወረወርኩለትን መለሰ እንጂ እሱ አንድም ቀን ወርውሮ አያውቅም። ማንም ደግሞ ይቺን ቃል አልጠየቀውም። እንባዬ እየወረደ "ቱ!" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም። ተሳሳትኩ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ፤ እንዴት እሳሳታለሁ? ደግሞ "ሊስንድ" አለ፣ በደህናው እጁም ስልኩን አሳየኝ።

ለካ እኔን አልጠየቀም።

ያን ጊዜ ነው ደጋግሜ የደወልኩልህ። ስልኩን ተቀብሎኝ ጉልበቱ ላይ አደረገው፣ ሲጠራ ሲጠራ ቆይቶ ሲቋረጥ ወደኔ ያያል፣ እኔም እንደገና እደውላለሁ። ዛሬ ጠዋትም ስልኩን አልለቅም አለኝ። ሸሚዝ ያዘዘችኝ ርዕሰ መምህርት ስትደውል አንስቶ "ሊስንድ" አላት። "ምን አሉኝ አባባ?" ትላለች ምስኪን። የእሷን ድምፅ ሲሰማ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ፊቱን ብታየው ምሳ አይዋጥልህም ነበር።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርህ፤ ቅዳሜ መኪና ይዘህ ብትመጣ በሩን አልከፍትም። "እሺ" ያልኩህን መልሼ ወስጃለሁ። የሚያግዘኝ ሰው እንፈልግ ካልክ፣ ተራ እንግባ ካልክ፣ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ ብቻዬን የምችለው አይደለም፣ ያን አንተም ታውቃለህ። አባባ እያዳመጠ፣ እንደሚያዳምጥ እየነገረን፣ እንደ ዕቃ ጭነነው የትም አንወስደውም።

መጀመሪያ ግን ደውልለት። ይቅርታ በል አላልኩህም፤ አላስገድድህም። ስለ ሠርጉም አንሳበት አላልኩህም። ምን ልበለው ብለህም አትጨነቅ፣ የሚጀምረው እሱ ነው። ካንተ የሚፈልገው መልስ በእኛ ፊደል ስትጻፍ አንዲት ፊደል ናት።

ስትደውል እኔ አላነሳም። ስልኩ እሱ እጅ ላይ ነው።

የምትወድህና የተቆጣችህ
እህትህ